እሾህ ወጋኝ ብሎ ጤና ጣቢያ መሄድ ቅንጦት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም አምስት ስድስት ጊዜ ደረሰኝ። እህቴ ላከችልኝ። የጎረቤታችን ልጅ ላከልኝ። የእድራችን ግሩፕ ላይም ተለጥፎ አየሁት፤ ከሥሩ «እውነት ነው!» የሚል አስተያየት ተደርድሮበታል። የጸሐፊው ስም የለውም። ሐሳባቸው ባጭሩ ይኼ ነው። የዛሬ ሰው ጭረት ባየ ቁጥር ይደነብራል፤ አያቶቻችን በባዶ እግራቸው ሲሄዱ እሾህና እንቅፋት እየመታቸው ኖረው ምንም አልሆኑም። ስለዚህ ትንሽ ቁስል ላይ አረቄ አፍስሶ፣ ቡና ነስንሶ፣ አየር እንዲያገኘው ክፍት ትቶ መርሳት ነው። ቴታነስ የሚያሰጋው የዛገ ሚስማር የወጋውን ብቻ ነው። ቢያመረቅዝም ሁለት ሦስት ካፕሱል ያደርቀዋል። ውሻም ደም እስካላወጣ ድረስ አያሰጋም።

እኔ ደብረ ብርሃን መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ያደግሁት ሞረትና ጅሩ፣ ገበሬ ቤት ነው። ጸሐፊው «ጭንቀታም» ያሏቸውን ሰዎች በየቀኑ አገኛቸዋለሁ። ግን እውነቱን ልናገርና፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ጭንቀታሙ ሰው አይደለም። ጭራሽ ሳይጨነቅ ቆይቶ፣ እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ሲለው የሚመጣው ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

«አያቶቻችን ምንም አልሆኑም» ከሚለው ልጀምር። ከሁሉም ያመመኝ እሱ ነው።

የአባቴ እናት ዘጠኝ ወልዳ ያሳደገችው አምስት ነው። ከሞቱት አንዱን በተለይ አትረሳውም ነበር። ሲወለድ ደህና ነው፤ ጮኋል፣ ጡት ይዟል። በሳምንቱ ገደማ አፉን ገጠመ። ጡት ብትሰጠው መያዝ አቃተው። ገላው እንደ እንጨት ደረቀ። ሲነኩት ይንዘፈዘፋል፣ ሰው ጮክ ብሎ ሲናገር ይንዘፈዘፋል። «ሾተላይ ነው» ተባለና ክርስትና ሳይነሣ ተቀበረ። ልጅ ሆኜ ይኼን ስሰማ የምፈራው ሾተላይን ነበር። ኮሌጅ ገብቼ ስለ ጨቅላ ሕፃናት ቴታነስ ስማር ግን መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፋቸው ምልክቶች አያቴ የነገረችኝ ነበሩ፣ አንድ በአንድ። እትብቱ የተቆረጠው ቤት ውስጥ በተገኘ ስለት ነው። ከላይ ደግሞ ቅቤ ተቀብቶበታል።

እንግዲህ «ምንም አልሆኑም» ስንል የምንቆጥረው የተረፉትን ነው። የሞቱት ተነሥተው አይከራከሩንም። እግሩን እሾህ ወግቶት በሁለተኛው ሳምንት የሞተ ጎረምሳ «መጋኛ መታው» ተብሎ ነው የሚነገርለት፤ እሾሁን ማን ያስታውሳል? አያቶቻችን ጠንካሮች ነበሩ፣ ልክ ነው። ግን ብዙ ቀብረዋል። ከነሱ ጥንካሬውን ብቻ ወስደን ለቅሶውን መርሳት እነሱንም መበደል ይመስለኛል።

ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ቴታነስን እንዳስወገደች የተረጋገጠላት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እዚህ የተደረሰው እናቶች እየተከተቡ፣ በንጹሕ እጅና በንጹሕ ምላጭ እየወለዱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት እየዞሩ ነው። «አስወገደች» ማለት ግን «ጠፋ» ማለት አይደለም። በየወረዳው በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት በዚህ በሽታ የሚያዘው ከአንድ በታች ሆነ ማለት ነው። ተህዋሲው ዛሬም አፈር ውስጥ ነው ያለው። ከአፈር ደግሞ ማንም ነቅሎ አያጠፋውም።

ይኼ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ይወስደኛል፣ «ካልዛገ አያሰጋም» ወደሚለው። ይኼን ብዙ የተማረ ሰውም ይላል፤ በጸሐፊው ብቻ አልፈርድም። ዝገት በራሱ ቴታነስ አያመጣም። የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ቴታኒ የሚባል ባክቴሪያ ነው። የሚኖረው አፈር ውስጥ፣ አቧራ ውስጥ፣ በከብት እበትና በፈረስ ፋንድያ ውስጥ ነው። እንደ ዘር ሆኖ፣ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ፣ ብርዱንም ፀሐዩንም ችሎ ዓመታት ይቆያል። አየር አይወድም። ስለዚህ የሚመቸው ጠባብና ጥልቅ የሆነ፣ አፉም ቶሎ የሚገጥም ቁስል ነው። የዛገ ሚስማር ስሙ የጠፋው ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ወድቆ አፈር የያዘና ጠልቆ የሚወጋ ስለሆነ ነው። ገና ከሱቅ የወጣ የሚያብለጨልጭ ሚስማርም በረት ውስጥ ከወደቀ ያው ነው። የባሕር ዛፍ ስንጣሪም ያው ነው። እሾህም ያው ነው።

አጎቴን የወጋው የቀጋ እሾህ ነበር። አጥር ሲያጥር እጁ መዳፍ ላይ ገባ። መርፌ አስመጣና አወጣው። አንዲት ጠብታ ደም መጣች፤ መጥጦ ተፋትና ሥራውን ቀጠለ። ማታ ላይ ማንም አላነሣውም፣ እሱም ረስቶታል።

በስምንተኛው ቀን እራት ቀርቦ ሚስቱ ልታጎርሰው እጇን ስትዘረጋ አፉ አልከፈት አለው። «መንጋጋዬን ያዘኝ» አለ። ጥርስ ነው ተባለና ቅርንፉድ አስነከሱት። በማግስቱ አንገቱ ደረቀ። ፊቱ ሳይስቅ የሳቀ ይመስል ነበር፤ ይኼንን ያየ ሰው አይረሳውም። በሦስተኛው ቀን ጀርባው እንደ ቀስት ተለጠጠና በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አወጡት። ሐኪም ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የጠየቁት «የት ቆስሏል?» ብለው ነው። ሚስቱ «ኧረ ቁስል የለበትም» አለች። እውነቷን ነው፣ የሚታይ ቁስል አልነበረም። አጥሩን ያስታወሰው የአሥር ዓመት ልጁ ነው። መዳፉን ገልብጠው ሲያዩት የጤፍ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አገኙ።

ከአንድ ወር በላይ ተኛ። መጋረጃ በተጋረደበት፣ ድምፅ በሌለበት ክፍል ውስጥ ነው ያስቀመጡት፤ ብርሃንና ድምፅ ሰውነቱን ያንዘፈዝፈዋልና። እናቴ ልትጠይቀው ስትገባ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲ ነበር የምትገባው። ተርፏል፣ ተመስገን። ግን ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ቴታነስ ይዞት የዳነ ሰው እንደገና ሊይዘው ይችላል። ኩፍኝ አንዴ ከያዘ ያበቃል፤ ቴታነስ እንደዚያ አይደለም። በሽታውን የሚያመጣው መርዝ መጠኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሰውነት ሳያውቀው ያልፋል። ስለዚህ አጎቴን ከሐኪም ቤት ሲያስወጡት ክትባት አስጀምረው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ዋናው ጉዳዬ እዚህ ነው። በአንድ የገጠር ቤት ውስጥ ማን ነው ለቴታነስ የተከተበው? ሕፃኑ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ተከትቧል። እናትየው በእርግዝናዋ ጊዜ ተከትባለች፤ ሙሉው አምስት ጊዜ ነው፣ ካርዷ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሞፈር የሚይዘው፣ ማጭድ የሚስለው፣ በረት የሚጠርገው፣ አጥር የሚያጥረው አባወራ ግን? ብዙ ጊዜ አንድም የለውም። እርጉዝ አይሆን፣ ማን ይጠራዋል? ለበሽታው ከሁሉም በላይ የተጋለጠው ሰው ከክትባቱ ከሁሉም የራቀው ነው። ጸሐፊው «ወንድ ልጅ በእሾህ አይደነግጥም» ብለው የጻፏት ዓረፍተ ነገር ይኼንኑ ሰው ነው የበለጠ የምታርቀው። ወንድሜ፣ ይቺን ዓረፍተ ነገር ቢያነሷት ደስ ይለኛል።

ሌላው የሚያሳስበኝ መርፌ መቀላቀል ነው። «እኔ ቴታነስ ተወግቻለሁ» ይለኛል አንዱ። መቼ? «አምና፣ መጥረቢያ የቆረጠኝ ጊዜ።» የትኛውን? አያውቅም። ሁለት ዓይነት መርፌ አለ። አንዱ እኛ ቲኤቲ የምንለው ነው፤ በፈረስ ደም የተዘጋጀ መከላከያ ነው፣ ለጊዜው ይጠብቅሃል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከሰውነትህ ይወጣል። ሌላው ክትባቱ ነው፤ ሰውነትህን ራሱን ያስተምረዋል። ቲኤቲ የዛሬዋን ሌሊት የሚያሳድር ተከራይ ዘበኛ ነው፤ የከርሞውን እሾህ አይጠብቅልህም። ስለዚህ ቆስላችሁ ስትወጉ «ይኼ ክትባቱ ነው ወይስ ቲኤቲው? መቼ ልመለስ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ቀኑንም አስጽፉ። ክትባቱን በሙሉ የጨረሰ ሰው እንኳ ቁስሉ አፈርና እበት የነካው ከሆነና የመጨረሻውን ከተወጋ 5 ዓመት ካለፈው ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል። ንጹሕና ትንሽ ቁስል ከሆነ 10 ዓመት ነው የሚቆጠረው።

ጸሐፊው ያላነሡት ደግሞ የኩበት ነገር ነው። የኛ አገር ብርድ የታወቀ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ እጅ ይሰነጠቃል። በዚያ በተሰነጠቀ እጅ ነው እበት የሚለወሰው። ባለፈው ወር አንዲት እናት ለእጃቸው ቫዝሊን ሊገዙ መጥተው መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። እያንዳንዷ ስንጥቅ ውስጥ አረንጓዴ ጥቁር መስመር ገብቷል። «ስታጠብ አይለቅም ልጄ» አሉኝ። ወልደው የጨረሱት ክትባቱ ሳይስፋፋ በፊት ስለሆነ አንድም ጊዜ አልተከተቡም። እትዬ፣ ኩበቱን ይተዉት ልላቸው አልችልም፣ በምን ያበስላሉ? ያልኳቸው ሌላ ነው። እበት ከመንካትዎ በፊት እጅዎ ላይ ፌስታል ያጥልቁ ወይም ጓንት ያድርጉ፣ ሲጨርሱ በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ፣ ማታ ቫዝሊኑን ይቀቡ፣ ጤና ጣቢያ ሄደውም ክትባት ይጀምሩ። «በዚህ ዕድሜዬ?» አሉ። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዎ።

አሁን ወደ አረቄውና ቡናው። የኛ አገር አረቄ ጠንካራ ነው፣ ስሙም ሩቅ ነው፣ ግን የቁስል መድኃኒት አይደለም። ጸሐፊው «ማቃጠሉ ጀርሙን እየገደለ መሆኑን ያሳያል» ይላሉ። የሚቃጠለው የራስህ ሥጋ ነው። ቁስሉን ሊሞላ የተዘጋጀውን ሕዋስ ነው አብሮ የሚገድለው። የፋርማሲ አልኮልም ሆነ ያ ነጭ አረፋ የሚደፍቀው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እንዲሁ ነው፤ አረፋው ሲያዩት ልብ ያሳርፋል፣ ቁስሉን ግን ያዘገያል። አልኮል ቁስሉ ዙሪያ ላለው ቆዳ ወይም እሾህ ለሚያወጣው መርፌ ይሁን። እሱም ቢሆን 70 በመቶ ገደማ ሲሆን ነው በደንብ የሚሠራው፤ የቤት አረቄ ብዙውን ጊዜ እዚያ አይደርስም።

ቡናው ደም ያቆማል፤ ይኼን አልክድም። ዱቄት ነው፣ ደሙን ይመጥጣል፣ ይረጋል። ግን ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? ቡናው ከደሙ ጋር ተጋግሮ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። ከሥሩ ያለውን ቆሻሻ ዘግቶ ያስቀምጠዋል። ጤና ጣቢያ ሲኬድ ነርሷ መስፋት አትችልም፤ መጀመሪያ ያንን ፈቅፍቃ ማውጣት አለባት፣ የሰውየው ጩኸት በር ላይ ይሰማል። አመድና ትንባሆም እንደዚሁ ነው። ደም ለማቆም የሚያስፈልገው ንጹሕ ጨርቅና ትዕግሥት ነው። ጨርቁን አስቀምጦ በመዳፍ ጠበቅ አድርጎ መጫን፣ እጁን ወይም እግሩን ከፍ ማድረግ፣ 10 ደቂቃ ሰዓት እያዩ መያዝ። በየመሐሉ «ቆመ እንዴ?» ብሎ መግለጥ የለም፤ የረጋውን ደም መልሰህ ትቀደዋለህ። በዚህ ካልቆመ፣ ወይም ደሙ እየተፈናጠረ ከወጣ፣ ጨርቁን እንደያዙ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ደሙ ከቆመ በኋላ ማጠብ። ይኼ ከሁሉም ይበልጣል፤ ጽሑፉ ውስጥ ግን «ውሃ» የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። ከቧንቧ ወይም ከጆግ እያንቆረቆሩ አምስት፣ አሥር ደቂቃ ማጠብ። ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ለቁስልም ይሆናል። የምንጭ ወይም የወንዝ ውሃ ከሆነ አፍልቶ ማቀዝቀዝ። ሳሙናው በቁስሉ ዙሪያ ይሁን፣ የሚታየው አፈርና ጠጠር ታጥቦ ይውጣ። አያቴም እኮ ቡናውን ብትነሰንስም እግራችንን በየማታው ለብ ባለ የጨው ውሃ ታጥበን ነበር። አያቶቻችንን የምንከተል ከሆነ እሱን እንከተል። (ቃጠሎ ላይ ቅቤና የጥርስ ሳሙና መቀባትም እንዲሁ ይቅር። ቃጠሎ የሚፈልገው ቀዝቃዛ የሚፈስ ውሃ ነው፣ 20 ደቂቃ።)

«ቁስል አየር ይፈልጋል» የሚለውን ባጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የሚባል ተመራማሪ በአሳማ ቆዳ ላይ ሞክሮት ነበር፤ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀው ቁስል ክፍት ከተተወው በእጥፍ ያህል ፈጥኖ አዲስ ቆዳ አለበሰ። ዛሬ በየሐኪም ቤቱ የሚሠራበት ይኼው ነው። በኛ አካባቢ ደግሞ ዝንብ አለ፣ አቧራ አለ፣ በረት አለ። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ፋሻ፣ በየቀኑ የሚቀየር፣ ሲረጥብና ሲቆሽሽ ደግሞ ወዲያው የሚቀየር። ቅርፊቱን ፈቅፍቆ ማንሣት የለም። ሽታ እንዳይነካው፣ ምች እንዳይመታው እያሉ ሸፍነው የሚያስቀምጡ እናቶች ምክንያቱ ቢለያይም መሸፈናቸው ልክ ነው።

የካፕሱሉ ነገር የኔ የሥራ ቦታ ስለሆነ ዝም አልልም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። አንድ ወጣት ይመጣል። «ሁለት አሞክሳሲሊን ስጪኝ፣ የሚዋጥ ሳይሆን የሚበተን ነው።» እጁን አሳየኝ እለዋለሁ። ፋሻውን ሲፈታው ቁስሉ አይታይም፤ ላዩ ላይ ቢጫ የሆነ ዱቄት እንደ ጀሶ ተለስኗል። በጠርዙ ጫን ሲለው ከሥሩ መግል ይወጣል። «ሦስት ቀን አድርጌበት እኮ ነው» ይላል፣ መድኃኒቱ ያነሰበት ይመስለዋል። ያ ዱቄት እንዲዋጥ የተሠራ ነው። ቁስል ላይ ሲበተን ወደ ውስጥ አይገባም፤ ላዩን ደፍኖ መግሉን ያስቀራል። አንዳንዱን ሰው ቆዳውን ያስቆጣዋል።

«ሁለት ሦስት ካፕሱል መዋጥ»ም መፍትሔ አይደለም። ብዙው ትንሽ ቁስል ከታጠበና ከተሸፈነ ያለ አንቲባዮቲክ ይሽራል። የሚያስፈልገው ደግሞ የትኛው እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሆነ ተለይቶ በትእዛዝ ነው የሚሰጠው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር አስጠንቅቆ ነበር፤ ሰዎች መድኃኒቱን አሳንሰው እየወሰዱ ጀርሙን ሳይገድሉት እንዲላመደው ያደርጋሉ ብሎ። እሱ የፈራው ዛሬ በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ከባለፈው የተረፈ አራት ፍሬ፣ «ለክፉ ቀን» የተቀመጠ። ክፉው ቀን ሲመጣ መድኃኒቱ አልሠራ የሚለው በዚህ ነው።

ታዲያ ቁስል መቼ ነው የሚያሰጋው? በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጠርዙ ቀላ ቢል፣ ትንሽ ቢያብጥ፣ ውሃ የመሰለ እዥ ቢያወጣ ሰውነት ሥራውን እየሠራ ነው፤ አትደንግጡ። የሚያሰጋው እየቀነሰ መሄድ ሲገባው ከሦስተኛው ቀን በኋላ ሕመሙ ሲብስ፣ መቅላቱ ሲሰፋ፣ ሲግል፣ መግል ሲይዝ፣ ሲሸት፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲመጣ ነው። አንድ ቀላል ዘዴ አለ። የቀላውን ዳር በእስኪርቢቶ ክበቡት፣ ሰዓቱንም ጻፉ። ጠዋት መቅላቱ መስመሩን አልፎ ከሆነ አትቆዩ። ለደንበኞቼ ሁልጊዜ ይኼን እነግራቸዋለሁ። አንድ ጋሼ እግራቸው ላይ ሦስት ክብ አስምረው «ይኸው ሸሽቶኛል ልጄ» ብለው መጥተው ያውቃሉ፤ በዚያው ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው።

ንፍፊትንም ጸሐፊው «ቁስሉ እየወጣ ነው፣ በደንብ ማሸት ነው» ብለውታል። አይታሽም። እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ፣ እጅ ሲቆስል ብብት ላይ የሚያብጠው ዕጢ ጀርሙን ጠብቆ የሚይዝ ኬላ ነው። ማበጡ ብቻውን አያስፈራም፣ ቁስሉ ሲሽር ይመለሳል። ግን ከቁስሉ ተነሥቶ ወደ ንፍፊቱ የሚሄድ ቀይ መስመር ከታየ፣ ትኩሳትም ካለ፣ በዚያው ቀን መሄድ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ እነዚህን ሁሉ ምልክቶች መጠበቅ የለበትም። እግሩ ሕመሙን ላይነግረው ይችላል። በየማታው የእግሩን ሥር፣ የጣቶቹንም መሐል ይይ።

አለማመም ማለት ደህና መሆን አይደለም፤ አባሰንጋ ይኼን ያሳያል። ከብት የሚያደልብ፣ በሬ የሚያርድ አገር ነን። በድንገት የሞተ ወይም ሊሞት ሲል የታረደ ከብት ሥጋና ቆዳ የነካ ሰው ከጥቂት ቀን በኋላ እጁ ላይ እንደ ትንኝ ንክሻ ያለ ነገር ሊወጣበት ይችላል። ይቋጥራል፣ መሐሉ ጥቁር ቅርፊት ይሆናል፣ ዙሪያው ያብጣል። አያምም። ስለማያምም ሰው ይተወዋል። በጊዜው ከታከመ በመድኃኒት ይድናል፣ ካልታከመ ይገድላል። ለሐኪሙም «ከብት አርጄ ነበር» ብሎ መናገር ያስፈልጋል።

የውሻውን ነገር መጨረሻ ያስቀመጥኩት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ጽሑፉ እንዲታረም ከምፈልገው ሁሉ ይኼ ይቀድማል። «ደም ካልወጣ አያሰጋም» ስሕተት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ያለው ምራቁ ላይ ነው። ውሻ ደግሞ መዳፉን ይልሳል። ደም ያላወጣች ጭረትም፣ የተላጠ ቆዳን መላስም ክትባት ያስፈልገዋል። በሽታው ምልክቱ ከጀመረ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ ሰውየው ይሞታል። ምልክቱ እስኪመጣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይወስዳል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ። ስለዚህ «ይኸው ሳምንት ሆነኝ፣ ምንም የለኝም» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ ፕላስተር ልትገዛ መጣች። የልጅቷ ክንድ ላይ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች፣ ድመት የጫረች ነው የሚመስለው። ምን እንደሆነ ስጠይቅ ቡችላ ነው አለች። ቡችላውስ? «ትናንት ሞተ፣ ምራቁ ይዝረበረብ ነበር።» ፕላስተሩን አልሸጥኩላትም። እዚያው የእጅ መታጠቢያው ጋ ልጅቷን አቁመን ክንዷን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጠብናት፤ እናትየው ሰዓቱን ትቆጥራለች፣ ልጅቷ ውሃው በረዶ ነው ብላ ታለቅሳለች። ከዚያ በባጃጅ ላክኋቸው። ክትባቱን ጨርሳለች፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ስትሄድ በሱቁ በር ታልፋለች። የእብድ ውሻን ክትባት የሠራው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 መጀመሪያ የከተበው ልጅም ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የድሮ ሰዎች ጉለሌ ያለውን ተቋም ዛሬም «ፓስተር» የሚሉት በሳይንቲስቱ ስም ነው፤ ከኛ አገር የተነከሰ ሰው እዚያ ድረስ ይወሰድ ነበር፣ ለብዙ ቀን ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር። ሰው ክትባቱን የሚፈራው ያንን እያስታወሰ ነው። አዲሱ ክትባት ክንድ ላይ ነው፣ አራት ወይም አምስት ጊዜ ነው። ውሻው ባለቤት ያለውና ጤነኛ ከሆነ አትግደሉት፤ አስራችሁ 10 ቀን ጠብቁት፣ እስከዚያው ግን ክትባቱን ጀምሩ። ቅጠል አጠጥቶ መጠበቅ ግን ጊዜ ማባከን ነው። ጸበሉን ከክትባቱ ጋር አድርጉት፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ቦታም አለ፤ ያለአግባብ የሚጨነቅ ሰው አለ። ሚስማር ወጋኝ ብሎ ኤችአይቪ ያዘኝ ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ወጣት መጥቶልኝ ያውቃል። ቫይረሱ ከሰውነት ውጪ ብዙ አይቆይም፤ መሬት ላይ ከተገኘ ሚስማር አይተላለፍም። የሱ ጥያቄ መሆን የነበረበት ቴታነስ ነው። ምላጭ መዋዋስ ግን ሌላ ነው፤ የጉበት ቫይረስ ቢ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ፀጉር ቤት አዲስ ምላጭ ሲቀየር በዓይናችሁ እዩ። የሽንኩርት ቢላ ለቆረጣት ጣት፣ ለተላጠ ጉልበት፣ ለወረቀት ጭረት ውሃና ሳሙና ይበቃል፣ ማንም ሐኪም ቤት ሂዱ አይልም። እኔ የምለው በመጠኑ አትለኩት ነው። ምን ወጋህ? ምን ያህል ጠለቀ? አፈርና እበት ነክቶታል? መቼ ተከተብክ?

ጽሑፉን የላከችልኝ እህቴ ጋ ደወልኩና እነዚህኑ ጠየቅኋት። ባሏን ባለፈው ሳምንት ስንዴ ሲያጭድ ማጭድ ጣቱን ቆርጦት ቡና ነስንሶበታል። «ተከትቦ ያውቃል?» አልኳት። ስልኩን ሳትዘጋ ሣጥኑን ስትከፍት ይሰማኛል። የሷን ካርድ አገኘችው፣ አምስቱም ተሞልቷል። የልጆቹንም አገኘች። የሱን ስትፈልግ ቆየች። «ለካ ኖሮትም አያውቅ» አለችኝ። ሰኞ ጠዋት ይዘሽው ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ቡናውን እንዳትፈቀፍቂው፣ እነሱ ያጥቡት አልኳት።